ጣቶቼ እምቢ አሉ

ፎቶሾፕን ከተውኩት ሁለት ወር ሆነኝ። ጠልቼው አይደለም። ለአንድ የልጆች መጽሐፍ 12 ሥዕል እንድሠራ ያዘዙኝ ሰዎች ውሉ ላይ «ሕጋዊ ፈቃድ ባለው ፕሮግራም የተሠራ ይሁን» የምትል መስመር አስገቡ። እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶሾፕ ኮምፒውተራችን ላይ እንዴት እንደሚገባ እናንተም ታውቃላችሁ። ልጁ በፍላሽ ይዞት ይመጣል፣ ይጭናል፣ «ኢንተርኔት ላይ እንዳታገናኚው» ብሎ ይሄዳል። ባለቤቱ አዶቤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 አዲሶቹን ፕሮግራሞች አንዴ ሸጦ መገላገሉን ትቶ ወደ ኪራይ ገባ። ኪራዩ በዶላር ነው፤ ያውም በዶላር የሚከፍል ካርድ ላለው።

ስለዚህ ክሪታን ጫንኩ። ነጻ ነው፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው፣ ሥራው ከተጀመረ ደግሞ (እ.ኤ.አ. በ1999) እኔ ከተወለድኩ ያህል ሆኖታል። ስሙ በስዊድንኛ ጠመኔ ማለት ነው አሉ። ደስ አለኝ፤ እኔም ሥዕል የጀመርኩት በጠመኔ ነውና።

ደስታው እስከ ኪቦርዱ ነበር። ፎቶሾፕ ላይ «ቪ»ን ስትጫኑ ማንቀሳቀሻው ይመጣል። ክሪታ ላይ «ቪ» ቀጥ ያለ መስመር ማስመሪያ ነው። ማንቀሳቀሻው «ቲ» ላይ ነው፤ «ቲ» ደግሞ ጣቴ ስንት ዓመት ሙሉ «ጽሑፍ» እያለ የለመዳት ፊደል ነች። የመጽሐፏን አያት ፊት ወደ ግራ ሳብ ላደርግ ስል ግንባሯ ላይ መስመር ይጋረጣል። አንዱ ጓደኛዬ «ምን አስጨነቀሽ፣ ማስተካከያው ውስጥ ገብተሽ ቁልፎቹን እንደ ፎቶሾፕ አድርጊያቸው» አለኝ። ይቻላል፣ አውቃለሁ። አልፈለግኩም። እንደዚያ ካደረግኩ እድሜ ልኬን ክሪታን እንደ ደሃ ፎቶሾፕ ነው የማየው።

ልቤን የወሰደው ማጥፊያው ነው። እኔ በለመድኩት ፎቶሾፕ ማጥፊያ ራሱን የቻለ ዕቃ ነው፤ የራሱ መጠን፣ የራሱ ቅርጽ አለው። እዚህ «ኢ»ን ስትጫኑ በእጃችሁ ያለው ብሩሽ ራሱ ማጥፋት ይጀምራል። የልጅቷን ሹሩባ በሻካራ የከሰል ብሩሽ እሠራና በሹሩባው መሀል ያለውን መስመር በዚያው ሻካራ ብሩሽ እያጠፋሁ አወጣዋለሁ። ከወረቀት ወዲህ እንደዚህ ሠርቼ አላውቅም።

ከዚያ ዋናው ጣጣ መጣ። ክሪታ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያለሰልስ ነገር አለው። ከፈትኩት። መስመሬ እንደ ቅቤ ሆነ። የመጀመሪያዎቹን 3 ሥዕሎች ላክሁ፤ አዘጋጇ «እታለም፣ ሌላ ሰው አሠራሽ እንዴ?» ብላ መለሰችልኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ሰዎች «መስመርሽ ያስታውቃል» ሲሉኝ የኖሩት፣ ያቺ ትንሽ የምትንቀጠቀጥ መስመር፣ የማን ነበረች? የእኔ ወይስ ማለስለሻ ያልነበረው የዚያ አሮጌ ሲኤስ 6? ጋዜጠኝነት ስማር ስለ «የራስ ድምፅ» ስንት ቀን አስተምረውናል፤ ድምፅ ከመሣሪያው እንዴት እንደሚለይ ግን ማንም አልነገረን። ማለስለሻውን ዘግቼ 3ቱንም እንደገና ሣልኳቸው። መንቀጥቀጡ ተመለሰ፣ ግን የድሮው አይደለም፤ ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ትንሽ የዘገየ ነው። አዘጋጇ «አሁን አንቺ ነሽ» አለች። እኔ ግን እስካሁን ቁርጡን አላወቅኩም።

አሁን 8ኛው ላይ ነኝ። አያትየዋ ቡና እየቆላች ነው፣ ጭሱ አልወጣልኝም። ለጭስ የምጠቀምበትን የፎቶሾፕ ብሩሽ ወደ ክሪታ አስገባሁት፤ የብሩሹ ጫፍ መጣ፣ ጠባዩ ግን እዚያው ቀረ። ዛሬ ማታ መብራት ካልሄደ በከሰሉ ብሩሽ እሞክረዋለሁ፤ በማጥፊያው በኩል።