የአረቄ ጓዳና የዊስኪ አዳራሽ

በሠርግ ቤት መጠጥም እንደ ሰው መቀመጫ አለው። ዊስኪው ከነካርቶኑ በሙሽሮች ፊት ይደረደራል፤ ማን እንዳመጣው፣ ስንት ዓመት እንደ ቆየ፣ ጥቁር ይሁን ቀይ፣ ስሙ እየተጠራ ይነገርለታል። አረቄው ግን ስም በሌለው ጠርሙስ ሆኖ በጓሮ በር ይገባና ድንኳን ተካዩና እንጨት ፈላጩ ብርዳቸውን ያስታግሡበታል። ሁለቱም ከእህል የተወለዱ፣ ሁለቱም በእሳት የተፈተኑ ሲሆኑ አንደኛው ጌታ፣ ሁለተኛው ሎሌ ሆኖ የቀረበት ምክንያት ምንድን ነው? ውድ አንባቢ፣ ይህ ጥያቄ የጠጪ ጨዋታ ብቻ መስሎ እንዳይታይህ፤ ከእኛ ከተማሪዎች ኑሮ ጋር የተያያዘ ጉዳይ መሆኑን ወደ ኋላ ታየዋለህ።

አስቀድመን የጌታውን የትውልድ ሐረግ እንመርምር። «ዊስኪ» የሚለው ቃል ከስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የሕይወት ውኃ» ማለት ነው። የእኛው «አረቄ» ደግሞ ከዐረብኛ የተገኘ ነው፤ በዐረብኛ ዐረቅ ማለት ላብ ነው። ከጋለው ዕቃ ላይ ጠብ ጠብ የሚለውን ፈሳሽ ያየ ሰው ስሙ ተስማሚ መሆኑን አይክድም። የስኮትላንድ ቤተ መንግሥት የሒሳብ መዝገብ እንደሚያስረዳው፣ እ.ኤ.አ. በ1494 ጆን ኮር ለሚባል መነኩሴ የሕይወት ውኃ የሚያወጣበት ብቅል ተሰጥቶታል። ስለዚህ የዛሬው ክቡር ዊስኪ ጅማሬው ፋብሪካ ሳይሆን ብቅልና ድስት፣ እሳትና የአንድ መነኩሴ ትዕግሥት ነበረ።

ከዚያም በኋላ ነገሩ ሁሉ በክብር አልሄደም። መንግሥት ቀረጥ ሲያከብድበት ገበሬው ድስቱን ይዞ ወደ ሸለቆና ወደ ተራራ ገባ፤ ሌሊት እያወጣ በስውር ይሸጥ ጀመር። ቀረጥ ሰብሳቢ ያሳድዳል፤ ገበሬ ይሸሻል። ይህ ድብብቆሽ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1823 አዲስ ሕግ ወጣ። ሕጉ በቅጣት ብቻ አልመጣም፤ ቀረጡን ቀነሰ፣ በ10 ፓውንድ ፈቃድ መስጠት ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት ጆርጅ ስሚዝ የሚባል የግሌንሊቬት ሰው ፈቃድ አውጥቶ በግልጽ ሥራውን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1915 ደግሞ መጠጡ ሳያርፍ እንዳይሸጥ ታዘዘ። ዛሬ የስኮትላንድ ዊስኪ ለመባል በባሉጥ እንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መተኛትና ከ40 ከመቶ ያላነሰ አልኮል መያዝ ግዴታው ነው። ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ውጭ አገር የተላከው የስኮትላንድ ዊስኪ 5.4 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ አስገኝቷል። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ በየዓመቱ ብዙ መቶ ሺሕ ሕዝብ ገንዘቡን ከፍሎ የድሮውን ገበሬ ድስት ለማየት መሄዱ ነው።

ይህ ሀብት እስከ ደጃችን ደርሶ ነበር። ጆኒ ዎከርን የሚያወጣው ዲያጆ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ሰበታ የሚገኘውን የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ከመንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ዐሥር ዓመት ሠርቶበት በ2022 ለካስቴል ኩባንያ ሸጦ ሄደ። ስለዚህ የስኮትላንድ ዊስኪ ባለቤትና የሰበታ ውኃ ለዐሥር ዓመት ጎረቤት ሆነው ኖረዋል። ጎረቤታሞች ግን ሁልጊዜ አይጠያየቁም። በሰበታም ሆነ በቡራዩ፣ ወይም በሱሉልታ መንደሮች ውስጥ ጭስ የሚወጣበትን ጓዳ ከፍቶ «እናንተስ እንዴት ታወጣላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ባለሀብት መኖሩን አልሰማሁም።

እኔ ግን ለመጠየቅ ዕድል ገጠመኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በመኝታ ክፍላችን አንድ የሱሉልታ ልጅ አለ፤ ሁለት ዓመት አብረን ስንተኛ ስለ እናቱ የሚያውቀን «ነጋዴ ናት» ከሚል ቃል አልፎ አያውቅም። አንድ ዓርብ ማታ ኬሚስትሪ የሚያጠና ጓደኛችን በስልኩ የስኮትላንድን የዊስኪ ፋብሪካ ጉብኝት እያሳየን «እኔ ተመርቄ ገንዘብ ባገኝ መጀመሪያ የምሄደው እዚህ ነው» አለ። የሱሉልታው ልጅ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «ማየት የፈለግኸው ይህንን ከሆነ ስኮትላንድ ድረስ ምን አስኬደህ? ነገ ቅዳሜ ነው፤ እናቴ ታወጣለች» አለው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ፊቱ መቅላቱን አየሁ።

በማግሥቱ ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ተሳፍረን፣ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግረን ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወረድን። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ላሞች በየሜዳው ተሰማርተዋል፤ ባሕር ዛፉ ያፏጫል። ሰበታና ቡራዩ፣ ሱሉልታም ጭምር፣ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ሱሉልታ ገና የገጠር ሽታዋን አልተወችም። የጓደኛችን እናት በር ላይ ቆመው ከጎረቤታቸው ጋር በኦሮምኛ ሲጨዋወቱ ደረስን። ሲያዩን ወደ አማርኛ ዞረው፣ «እንኳን ደኅና መጣችሁ ልጆቼ» እያሉ ሦስታችንንም ሳሙን። ልጃቸው ጉብኝት መጥተናል ብሎ ሲነግራቸው ሣቁ። «ምኑን ነው የምትጎበኙት? ጭሱን?»

ጓዳው ጠባብና ጨለም ያለ ነው። እማማ ከሥሩ ጀምረው አስረዱን። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና የብቅል ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። ከዚያ የዳጉሳና የበቆሎ ዱቄት ቂጣ ሆኖ ይጋገርና ተቆራርሶ ይጨመርበታል፤ ተከድኖ ሲብላላ ድፍድፍ ይሆናል። ድፍድፉ በእንስራ ተደርጎ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ ከአፉም ሸምበቆ ተቀጥሎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠው ማጠራቀሚያ ይወርዳል። እንፋሎቱ በሸምበቆው ተጉዞ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል። የመጀመሪያው ተራ አረቄ ይባላል፤ እንደገና ተጥዶ ሲወጣ ዳግም ነው።

በዚህ ጊዜ የኬሚስትሪው ጓደኛችን ተነሥቶ ቆመ። ስኮትላንዶችም ልክ እንዲሁ ሁለት ጊዜ ያወጣሉ፤ ለመጀመሪያው አንድ የመዳብ ድስት፣ ለዳግሙ ሌላ የመዳብ ድስት አላቸው። ብቅሉም ያው ብቅል ነው። የእነርሱ ብቅል በአንዳንድ ቦታ በአተር ሳይሆን ከረግረግ በተቆፈረ ደረቅ አፈር ጭስ ይደርቅና የጭስ ጣዕም ይይዛል፤ የእኛው ደግሞ የጌሾን ምሬት ይወርሳል።

«እማማ፣ እሳቱ ስንት ዲግሪ ይሆናል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ዲግሪውንስ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ የማውቀው እንስራው ሲያጉረመርም እሳቱን ማውጣት፣ ዝም ሲል መቆስቆስ ነው። እሳት ከበዛ ድፍድፉ ራሱ ገንፍሎ ይመጣና አረቄው ይደፈርሳል።»

ጓደኛችን ለእኔ እንዳስረዳኝ፣ ንጹሕ አልኮል በ78.3 ዲግሪ ሲፈላ ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ 100 ዲግሪ ይጠብቃል፤ የማውጣት ጥበብ ሁሉ በዚህ ልዩነት መካከል መመላለስ ነው። እማማ ይህንን መካከል በጆሯቸው ያገኙታል። ፈሳሹ መውረድ ሲጀምር የፊተኛውን አንድ ስኒ ለብቻው አስቀመጡት። «ይኼ ለጉልበት ማሻ ነው፤ ለአፍ አይሆንም» አሉ። በሳይንስም ሽታቸው የሚወጋና ቀድመው የሚፈሉ እንደ አሴታልዲሃይድ ያሉ ነገሮች በፊት በፊት ይወጣሉ። ስኮትላንዶች መጠጡን በመስተዋትና በናስ በተሠራ የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ እያሳለፉ ራሱንና ጭራውን ለይተው ልቡን ብቻ ያስቀራሉ። የሱሉልታዋ እናት ሣጥን የላቸውም፤ ልቡን ግን ያውቁታል።

የቅምሻው ተራ ደረሰ። በመለኪያ መጀመሪያ ተራውን፣ ቀጥሎ ዳግሙን ቀዱልን። ተራው ለስለስ ብሎ የተጠበሰ እህል ይሸታል፤ ዳግሙ ግን ምላስን ገርፎ ካለፈ በኋላ ደረት ላይ እንደ ፍም ይቀመጣል፤ በመጨረሻ የጌሾ ምሬት ቀስ ብሎ ይመጣል። እማማ ጥቂት መሬት ላይ አፍስሰው ክብሪት ሲጭሩበት ሰማያዊ ነበልባል ታየ። እርሳቸው ግን አልቀመሱም።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔ እሸጠዋለሁ እንጂ አልጠጣውም። ስንቱን ጎበዝ ሲበላ አይቻለሁ። በጠዋት ለሚመጣ ሰውም አልሸጥም፤ በጠዋት የሚጠጣ ሰው ልጆቹ ቁርስ አልበሉም ማለት ነው።»

አተላውን ለወተት ላሞች የሚገዛ ጎረቤት መጥቶ ሲወስድ፣ እማማ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ዐይናቸው በጭስ ቀልቷል። ያን ጊዜ ነበር እንደ ዋዛ እንዲህ ያሉን፦ «ይኼ ልጅ የሚመረቅ ዕለት የምለብሰውን ቀሚስ ገዝቼ ጎረቤት ቤት አስቀምጫለሁ። እዚህ ካለ ጭስ ይሸታል፤ ጓደኞቹ ፊት አላሳፍረውም።»

ልጃቸው ወደ ደጅ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲመዘገብ የእናት ሥራ በሚለው መስመር ላይ «የቤት እመቤት» ብሎ መጻፉን ነገረኝ። በሰፈር ሳለ «የአረቄ ሻጭ ልጅ» ተብሎ መሰደቡን፣ ያ ስድብ ዩኒቨርሲቲ ድረስ እንዳይከተለው መፍራቱንም ጨመረልኝ። ደብተሩን የገዛው፣ የመጀመሪያ ጫማውን ያለበሰው፣ እስከ ዛሬ በየወሩ የሚላክለትን ገንዘብ የሚያመጣው ያው ሸምበቆ ነው። እርሱ ብቻም አይደለም። በሱሉልታ፣ በአርሲ ነጌሌና በሌላውም የአገራችን ክፍል አረቄ እያወጡ ልጅ ያስተማሩ እናቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ልጆቻቸውም በየመኝታ ክፍላችን አሉ። ዝም ስለሚሉ ነው የማናውቃቸው።

ከዚህ በኋላ አረቄ ይወደስ ብዬ ልሰብክ አልነሣም። ቤት ያፈረሰ፣ አባት ያሳጣ መጠጥ መሆኑን እማማ ራሳቸው ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ዊስኪም ቢሆን በዚህ በኩል ንጹሕ አይደለም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ስኮትላንዶች የሕይወት ውኃቸውን ያስከበሩት ከእኛ የተሻለ ድስት ስለ ነበራቸው አይደለም፤ ለሥራው ሕግ፣ ልክና ስም ስለ ሰጡት ነው። የእኛ አገር መጠጫ ብርጭቆ «መለኪያ» ይባላል፤ ያሳዝናል፣ በውስጡ ያለው ነገር ግን አልተለካም። አንዷ የምታወጣው ዳግም ከ40 ከመቶ ሲያልፍ የሌላዋ ተራ ከዚያ እጅግ ሊያንስ ይችላል፤ ጠጪውም ሻጯም በግምት ይኖራሉ። በግምት የሚኖር ሥራ ደግሞ ሰካራሙን ከመጉዳቱም በላይ ባለሙያዋን ሌባ ያስመስላታል።

እንግዲህ የተማረው ወጣት ምን ያድርግ? በየቤተ ሙከራችን ቴርሞሜትርና የአልኮል መጠን መለኪያ መሣሪያ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። አንድ ቅዳሜ ወደ ሱሉልታ ቢወርዱ ምን ይጎዳሉ? ምሕንድስና የሚያጠናው እንጨት የሚቆጥብና ጭሱን በጭስ ማውጫ የሚያስወጣ ምድጃ ቢሠራ የአንዲት እናት ዐይን ይተርፋል፤ ከባሕር ዛፉም ጥቂቱ ይድናል። ሕግ የሚያጠናው የ1823ቱን የስኮትላንድ ሕግ አንብቦ፣ በስውር የሚሠራን ሰው ወደ ብርሃን የሚያወጣው ቅጣት ብቻ ሳይሆን የሚቻል ፈቃድ መሆኑን ቢጽፍ ለአገር ይጠቅማል። ኢኮኖሚክስ የሚያጠናውም በበርሜል 3 ዓመት የሚያርፍ ዳግም ባለቤቷን እስከዚያ ምን ያበላታል ብሎ ያስላ፤ ብቻዋን የማትችለውን በማኅበር ልትችለው ትችል ይሆናል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ የማይፈልግ አንድ ሥራ ግን በእጃችን አለ። በሚመጣው የምዝገባ ወቅት በቅጹ ላይ የእናት ሥራ የሚል መስመር ስናገኝ፣ እናታችን በእሳትና በጭስ መካከል ተቀምጣ ያስተማረችን እንደ ሆነ፣ እርሷ ቀሚሷን ጎረቤት እንዳትደብቅ፣ በሙሉ ፊደል «አረቄ አውጪ» ብለን እንጻፍ።