አራት ሰው፣ አንድ ካሜራ

ዛሬ ፖለቲካውን ለአንድ ቀን እናሳርፈውና ስለ ካሜራ እናውጋ። “ካሜራ ደግሞ ምን ይወራለታል?” የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰን፤ ነገሩ የጀመረው ለቅሶ ቤት ነው።

የአንዳችን አባት አረፉ። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ዕድሩ መጣ። በዚህ መሀል አንድ ትልቅ ዘመድ “ፎቷቸውን አምጡ እንጂ!” አሉ። ቤቱ ታመሰ። አልበም ተገላበጠ፣ ሳጥን ተፈተሸ፣ የአራታችንም ስልክ ተከፈተ። ስልኮቻችን ውስጥ የማኪያቶ ፎቶ አለ፣ የጫማ ፎቶ አለ፣ የራሳችን ፊትማ በሽ በሽ ነው። የእሳቸው ግን አንድም የለም። በመጨረሻ ፎቶ ቤት የሄደው የመታወቂያቸው ጉርድ ፎቶ ነው። ሲያሳድጉት የማኅተሙ ጠርዝ ከጆሯቸው ላይ አልለቅ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው የተሰናበተው ማኅተም ያረፈበትን ፊት ነው።

“ካሜራ እንግዛ” ያልነው ከዚያ በኋላ ነው። የሌላኛችን አያት ደግሞ ሐረር አሉ። ዕድሜያቸውን ብትጠይቋቸው “ጣልያን ሲወጣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ” ይላሉ። የእሳቸውም ፎቶ የመታወቂያው ብቻ ነው። ስለዚህ የት እንደምንሄድ ከካሜራው በፊት ታወቀ ማለት ነው።

ችግሩ ገንዘብ ነው። (መቼስ ሌላ ምን ይሆናል?) ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ሲጠራ ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚሰማው። ዕቁብ ጀመርን። ዕቁብ እንበለው እንጂ ዕጣ የሌለው ዕቁብ ነው፤ አራት ሰው በየወሩ 3000 ብር፣ ለ10 ወር፣ ድምሩ 120,000 ብር። በነዚህ አሥር ወራት ውስጥ ከብሩ በላይ ያዋጣነው ክርክር ነው።

አባቱ የሞቱበት ጓደኛችን ትልቁን ይፈልጋል፤ ያንን ሠርግ ላይ የምታዩትን፣ አንገት የሚያጎብጠውን ዲ.ኤስ.ኤል.አር.። እውነቱን ለመናገር አሮጌው ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ባገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ርካሽ ነው፤ ባትሪውም ይቆያል። ግን አንዱን ተውሰን አዲስ አበባ መንገድ ላይ ስንሞክረው ገና ሁለት ፎቶ ሳናነሳ አንድ ጥበቃ መጣ። “ከየት ሚዲያ ናችሁ? ፈቃድ አላችሁ?” ሚዲያ አለመሆናችንን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። አጠገባችን የነበረች ልጅ በስልኳ ያንኑ ሕንጻ አሥር ጊዜ አንስታ ሄደች፤ ማንም ምንም አላላትም። የካሜራ ትልቅነት ክብደት ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባን።

ሁለተኛው “ስልክ አይበቃም ወይ?” ባይ ነው። “ስልክ እኮ ነበረን። ያልነበረን ማንሳቱ ነው” አለ። መልስ አጥተን ዝም አልን። (ይህችን ነገር ያዙልን፤ እንመለስባታለን።)

ሦስተኛዋ ኪስ የምትገባ ትንሽ ካሜራ ትሁን አለች። እንደ ሶኒ አር.ኤክስ.100 ያለችው እ.ኤ.አ. በ2012 ስትወጣ 240 ግራም ብቻ ነበረች። ሪኮ ጂ.አር.3ም አለች፤ ሴንሰሯ ትልቅ ነው፣ ግን ዙም የላትም፣ ዋጋዋም ከዕቁባችን ጋር አይተዋወቅም። ትንንሾቹ ሌንሳቸው አይፈታም። የገዛችሁት ሌንስ ዕድሜ ልካችሁን የእናንተ ነው።

አራተኛው ሚረርለስ አለ። በዲ.ኤስ.ኤል.አር. ውስጥ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልስ መስታወት አለ፤ ስንተኩስ መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ያ “ቻክ” የሚለው ድምፅ የሱም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ፓናሶኒክ ጂ1 የምትባል ካሜራ መስታወቱን አውጥታ ጣለችው። ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፣ እኛ የምናየው ትንሽ ስክሪን ነው። መስታወቱ ሲወጣ ካሜራው ቀጠነ፣ ሌንስ የመቀያየር መብታችን ግን ባለበት ቀረ።

ሴንሰር ማለት ብርሃን የሚጠራቀምበት ሜዳ ነው። ዝናብ ላይ ሲኒና ባልዲ ብታስቀምጡ ቶሎ ብዙ የሚይዘው ባልዲው አይደል? “አንድ ኢንች” የሚባለው የትንንሾቹ ሴንሰር (ስሙ ነው እንጂ አንድ ኢንች እንኳ አይሞላም) 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። ኤ.ፒ.ኤስ.ሲ. የሚባለው 23.5 በ15.6 ገደማ፤ ስፋቱ ሦስት እጥፍ። ሻጮች የሚጮሁላችሁ ሜጋ ፒክስል ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

በመጨረሻ ሁለት ያገለገሉ ካሜራዎች ቀረቡልን። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኦሊምፐስ ኢ.ኤም.10 ማርክ 2፣ ሌላው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሶኒ ኤ6000። ኦሊምፐሱ ውስጡ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ነገር አለው፤ ሶኒው የለውም። ሶኒው ሴንሰሩ ይሰፋል፣ ከነባትሪው 344 ግራም ነው። ትንሽ ሲቀረን ኦሊምፐሱን ልንገዛ ነበር። ያስቆመን የሐረሩ የልጅ ልጅ ነው። “ማረጋጊያው የእኔን እጅ ነው የሚያረጋጋው። የእማማን እጅ ማን ያረጋጋልናል?” አለ። እውነቱን ነው። የምናነሳው የሚንቀሳቀስ ሰው ከሆነ መፍትሔው ቶሎ መተኮስ ነው፤ ቶሎ ለመተኮስ ደግሞ ብዙ ብርሃን ያስፈልጋል። ሶኒውን ገዛን። በተረፈው ብር አዲስ ገላ ከመመኘት ያገለገለ የሲግማ 30 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጨመርንበት፤ ቀዳዳው 1.4 የሚከፈተውን።

ስንገዛ ነጭ ግድግዳ አንስተን ጥቁር ነጥብ ፈለግን (ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ ካለ ይታያል)። ሌንሱን በስልክ መብራት አሻግረን እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ አየን እንዳትሉ ፈተሽን፣ የለውም። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተኮሰ ጠየቅን። ሻጩ “እናንተ ካሜራ ነው የምትገዙት ሚስት ነው የምታጩት?” አለን።

ሐረር ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አውቶቡስ ላይ ተራ በተራ እያቀፍነው ሄድን። ጁገል ውስጥ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ባሉበት መኪና ግርግር፣ ካሜራዋን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም። ለማንሳት እንጠይቃለን፣ የፈቀደ ይፈቅዳል፣ እምቢ ያለ ቡና ይጋብዘናል። ማታ ጅብ ሲቀለብ ያነሳነው ግን እንዳይታይ ነው። ጅብ ይሁን ፍየል አይለይም። ባትሪውም ከሰዓት በኋላ ድክም ይላል፤ ኤ6000 የምትገዙ ሁለተኛ ባትሪ ሳትይዙ ከቤት እንዳትወጡ።

በነገራችን ላይ ሐረር ላይ ከእኛ በፊት ካሜራ በጉጉት የጠበቀ ሰው ነበር። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ (የፊልሙ አይደለም፣ ገጣሚው) ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ ካሜራ ከሊዮን አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 እዚያው ሐረር ራሱን አነሳ። ለቤተሰቦቹ ሲልክ ፎቶዎቹ መንጣታቸውን ጽፎ ጥፋቱን ባጠበበት መጥፎ ውሃ አሳበበ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካሜራውን ሸጠው። በስሙ የተሰየመው ቤት ውስጥ የድሮ ሐረር ፎቶዎችን እያየን እኛም ለጅቡ የምናሳብብበት ውሃ ፈለግን።

እማማ ቤት የገባነው በማግስቱ ነው። ካሜራዋን አገላብጠው አዩና “ይቺ ናት? ይቺን ለመግዛት ነው ዓመት የፈጀባችሁ?” አሉ። ቤቱ አንዲት ትንሽ መስኮት ናት ያለችው፤ የዕጣኑም ጭስ አለ። “እማማ፣ በሩ ጋ ይቀመጡልን፣ ብርሃን አለ” ብንላቸው “እንግዳ ቤቴ መጥቶ ከረከቦቴ ልነሳ? አላደርገውም!” አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጀበናቸውን አነሱ።

ከካሜራው ጋር በመጣው ሌንስ ሞከርን። ሲያቀርብ ቀዳዳው 5.6 ነው፤ ካሜራዋ የሰጠችን አንድ ስምንተኛ ሰከንድ ነው። የእማማ እጅ ጭስ ሆነ። ሲግማውን ገጠምን። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከ5.6 ወደ 1.4 ሲወረድ የሚገባው ብርሃን 16 እጥፍ ነው። አንድ ስምንተኛው አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ ሆነ። ጀበናው ተዘንብሎ፣ ቡናው ሲኒው ሳይደርስ አየር ላይ እንዳለ፣ እማማ በልጅ ልጃቸው ሲስቁ። ከ40 ፎቶ አንዷ።

አሳየናቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ብዙ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ “ይሄ ጥሩ ነው። ለለቅሶዬ አስቀምጡት” አሉ።

ማናችንም ቃል አልወጣንም። አባቱ የሞቱበት ጓደኛችን ብቻ፣ “የለም እማማ፣ ይሄማ አሁን ነው የሚሰቀለው” አለ። እዚያው ሐረር ፎቶ ቤት ወስደን አሳጠብነው። አሁን ግድግዳቸው ላይ ነው፤ ጎረቤት ሲመጣ “ልጆቼ በዚያች በኮሳሳ ካሜራ ያነሱኝ” እያሉ ያሳያሉ አሉ።

እና ምን ልንላችሁ ነው? ካሜራ ስትመርጡ መጀመሪያ ማንን፣ የት፣ በምን ብርሃን እንደምታነሱ እወቁ፤ ምርጫው ከዚያ በኋላ ይቀላል። የማይከብዳችሁን ያዙ፤ ቤት የቀረ ካሜራ ፎቶ አያነሳም። ገንዘባችሁን ከገላው ይልቅ ለሌንሱ አውጡ። ያነሳችሁትን አሳጥቡ። “ስልክ ነበረን፣ ያልነበረን ማንሳቱ ነው” ያለውም ጓደኛችን ተሸናፊ እንዳይመስላችሁ። እኛ አሥር ወር ዕቁብ ስንጥል የእማማን ጤና የጠበቀልን ፈጣሪ ነው። እናንተ ሌንሱ እስኪገዛ አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ በያዛችሁት ስልክ እናትና አባታችሁን አንሷቸው።