የዔሊ መጽሐፍ ስሕተቶች

ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ የሚሰባሰቡ ወጣቶቻችን አንድ ጨዋታ አላቸው፤ ፊልም አይተው ስሕተቱን ይለቅማሉ። ሰሞኑን በአማርኛ ትርጉም በፍላሽ እየተቀባበሉ ያዩት «ዘ ቡክ ኦቭ ኢላይ»ን ነው። እኛም እናውቀው ስለነበር አብረን ተቀመጥን። (ክርስቲያን ፊልም ይይ አይይ የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ያላያችሁትም መጨረሻውን ስለምንናገር ይቅር በሉን።)

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ጦርነት ዓለምን ካወደመ በኋላ ዔሊ የተባለ ሰው የቀረውን አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ተሸክሞ ሠላሳ ዓመት ወደ ምዕራብ ይጓዛል። ካርኔጊ የሚባል የከተማ ገዢ ደግሞ ሕዝቡን ሊገዛበት መጽሐፉን ይፈልገዋል። ዔሊን የሚጫወተው ዴንዘል ዋሽንግተን የጴንጤቆስጤ አገልጋይ ልጅ መሆኑን ልጆቹ አስቀድመው ደርሰውበታል።

የመጀመሪያው ስሕተት የመንገዱ ነው። አሜሪካ ከዳር እስከ ዳር 4,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በቀን 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከስምንት ወር በታች ይጨርሳታል። ታዲያ ሠላሳ ዓመት ምን ሲያደርግ ኖረ? ልጆቹ ሳቁ። እኛ ግን ዘዳግም ምዕራፍ 1ን አስታወስናቸው። ከኮሬብ እስከ ቃዴስ በርኔ የአሥራ አንድ ቀን መንገድ ነበር፤ በዚያው ርምጃ ከሆሳዕና አዲስ አበባ እንደመድረስ ማለት ነው። እስራኤል ግን በምድረ በዳ አርባ ዓመት ቆየ። ይህን ስሕተት ለፊልሙ ማርነው።

ሁለተኛው ይከብዳል። መጨረሻ ላይ መጽሐፉ ሲከፈት በብሬል የተጻፈ ሆኖ ይገኛል። ብሬል ግን በጣት ስለሚነበብ ፊደሉን ማሳነስ አይቻልም፤ ወረቀቱም ወፍራም ነው። የኪንግ ጄምስ ትርጉም በብሬል ሲታተም 18 ያህል ትልልቅ ቅጾች ይወጣዋል። በአህያ እንጂ በቦርሳ አይዞርም! ዔሊ የያዘው አንድ ጥራዝ ቢበዛ ኦሪት ዘፍጥረትንና ጥቂት ተጨማሪ ቢይዝ ነው።

ሦስተኛውን ያነሣ ልጅ፣ አንድ ሰው ሙሉውን መጽሐፍ በቃሉ ማስጻፉ ውሸት ነው አለ። እዚህ ላይ አልተስማማንም። ንጉሥ ኢዮአቄም ጥቅልሉን በእሳት ሲያቃጥል ኤርምያስ እንደገና ተናገረ፣ ባሮክም ጻፈ። በአገራችን ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚደግሙ የቆሎ ተማሪዎች ብርቅ አይደሉም። በደርግ ዘመን በዚህ አካባቢ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን የሰሙትን ምዕራፍ በቃላቸው ይዘው በየቤቱ ያጽናኑ ነበር። ልጁን «አንተስ ስልክህ ቢጠፋ ስንት ምዕራፍ ይቀርሃል?» አልነው። ሮሜ 8ን ጀመረ፤ ቁጥር አራት ላይ ቆመ። ሌሎቹም ሊያግዙት ሞክረው ከዘጠኝ አላለፉም።

ከመጠጥ ቤቱ ድብድብ በፊት ዔሊ ዘፍጥረት 3ን ሲጠቅስ፣ ለአዳም «አንተ» ተብሎ የተነገረውን እርግማን «እኛ» ብሎ መናገሩን ልጆቹ በስሕተት መዝግበውት ነበር። እኛ ይህን ወደድነው። ራሱንም እርግማኑ ውስጥ ከትቷል።

ከዝርዝራቸው የቀረ አንድ ትዕይንት አለ። ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ዔሊ መንገድ ላይ ሽፍቶች ሰው ሲገድሉ፣ ሴትም ሲደፍሩ ያያል። ከመንገድህ አትውጣ፣ አያገባህም እያለ ለራሱ ይነግራል፤ መጽሐፉን እንደያዘ ተደብቆ ያልፋል። ልጆቹ «ይሄ የፊልሙ ስሕተት አይደለም» አሉ። አዎ፣ የዔሊ ነው፤ ፊልሙም ያውቀዋል። በኋላ ካርኔጊ ሶላራ የተባለችውን ልጅ ሊገድላት ሲያስፈራራ ዔሊ ሠላሳ ዓመት የጠበቀውን መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠው። ቆይቶም ለእርሷ፣ መጽሐፉን እጠብቃለሁ ስል በተማርኩት መኖር ረስቼ ነበር ብሎ ነገራት።