ወይን ፍለጋ ከሳነቴ ማዶ

ጉዞ የሚጀምረው እግር ከመነሣቱ በፊት ነው። የት እንደሚታደር፣ ምን እንደሚታይ፣ ከማንስ ጋር እንደሚነጋገሩ በሚታሰብበት ሰዓት፣ ሰው ስለ አገሩ የሚያውቀውና የማያውቀው ተለይቶ ይወጣል። በባሌ ሮቤ ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማረ አንድ መምህር ይህን የተረዳው፣ የሦስት ቀን ጉዞ እቅድ ለማውጣት በተቀመጠበት ሰሞን ነበር።

ምክንያቱ ከአዲስ አበባ የደረሰው መልእክት ነው። የወጣትነት ጓደኛው የሆነ ሠዓሊ ሮቤ ድረስ መጥቶ ሊጠይቀው ማሰቡን ገልጾ፣ አንድ የቆየ ቃል አስታወሰው። ሁለቱ ተማሪዎች ሳሉ፣ ገንዘብ አዋጥተው የገዙትን አንድ ጠርሙስ ጉደር እየተጎነጩ፣ «አንድ ቀን የወይን አገር አብረን እናያለን» ተባብለው ነበር። ሠዓሊው አሁን ቀለሙንና ሸራውን ይዞ እንደሚመጣ ጻፈ፤ መንገዱን የማሰናዳቱ ሥራ ለመምህሩ ተተወ።

መምህሩ ካርታ ዘረጋ። ዓይኑ በቅድሚያ ያረፈው በዝዋይ ላይ ነው። በሐይቁ አቅራቢያ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ወይን አስተክሎ፣ በ2014 የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ አቅርቧል። ሜርሎ፣ ሲራና ሻርዶኔ የተባሉት የባዕድ አገር ዘሮች በስምጥ ሸለቆ አፈር ላይ ማፍራታቸው በእርግጥም ሊታይ የሚገባው ነው። ነገር ግን ከሮቤ በዲንሾ፣ በአዳባና በዶዶላ አድርጎ ሻሸመኔ መድረስ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን መታጠፍ አለ። መምህሩ ሰዓቱን ደመረ፤ ከሦስቱ ቀናት ሁለቱን መንገዱ በላቸው።

በማግሥቱ ወደ ገበያ ወጣ። ለዓመት በዓል የሚጣለውን ጠጅ ማር ዘወትር የሚገዛው ከአንድ ሽማግሌ ነበር። ማሩ እየተመዘነ ሳለ፣ ሐሳቡ ከመንገዱ ስሌት ሳይወጣ፣ እንዲያው በድንገት ጠየቀ።

«አባቴ፣ ይህ ማር የሚመጣው ከወዴት ነው?»

ሽማግሌው ሚዛኑን አቁመው ቀና አሉ። «ከእኔ መግዛት ከጀመርህ ስንት ዓመት ሆነህ፣ መምህር?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ይሆናል።»

«ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ» አሉና ፈገግ አሉ።

ማሩ የሚመጣው ከሐረና ደን ነበር፤ ከሳነቴ ማዶ፣ ከሪራ መንደር በታች ካለው ጫካ። ሽማግሌው በኦሮምኛ ጋጉራ የሚባለው ቀፎ ከግንድ ተፈልፍሎ እንዴት እንደሚሠራ፣ በረጅም ዛፍ ላይ በገመድ ተስቦ እንዴት እንደሚሰቀል፣ በጨለማም ጢስ ይዞ ወጥቶ ማሩ እንዴት እንደሚወርድ አስረዱት። እርሳቸው ዛፍ መውጣት ከተዉ ቆይተዋል። ልጃቸው ይወጣል፤ የልጅ ልጃቸው ግን ሥራውን አልወደደውም። «ዛፉ ከተቆረጠ ንቡ ይሄዳል፤ የሚወጣ ሰው ከጠፋም ቀፎው ባዶውን ይቀራል» አሉት። እርሳቸው ሃይማኖታቸው ስለማይፈቅድ ጠጅ አይቀምሱም፤ በቤታቸው ለእንግዳ የሚቀርበው ብርዝ ነው።

መምህሩ ማሩን ይዞ ሲመለስ እፍረት ተሰማው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1970 መቋቋሙን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ለተማሪዎቹ ደጋግሞ አስተምሯል። የቱሉ ዲምቱን ከፍታ፣ የቀይ ቀበሮንና የደጋ አጋዘንን ነገር በቃሉ ያውቃል። በየዓመቱ በብርሌ የሚቀዳው ማር ከየትኛው ዛፍ፣ በማን እጅ እንደሚወርድ ግን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

ከዚያም በአንድ ቃል ላይ አሰበ። አማርኛ የወይኑን መጠጥ «ወይን ጠጅ» ብሎ ሲጠራው የሚመዝነው በጠጅ ነው፤ ከወይን የተጣለ ጠጅ ማለቱ ነው። ታዲያ የወይን አገር መታየት የሚገባው ከሆነ፣ የማር አገር እንዴት ተረሳ? ወይን አትክልተኛው በጠርሙሱ ላይ የእርሻው ስም ተጽፎለታል። የሐረና ማር ግን ገበያ ሲደርስ ከሌላው ጋር ይደባለቃል፤ ስሙም የወጣበት ዛፍም እዚያው ይቀራሉ።

በዚያ ምሽት አዲስ እቅድ ወጣ። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ጎባ ሄዶ ማደር፤ በሁለተኛው ቀን ማልዶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ማቋረጥ። ሠዓሊው በዚያ ጅብራውንና ከብርድ የተነሣ ያጠረውን ሣር ያያል፤ ከአምባው ቁልቁል ሲወረድም አስታው፣ ቀጥሎም ኮሶውና ጥቅጥቁ ደን ይቀበሉታል። ሌሊቱን በሪራ፣ በሽማግሌው ልጅ ቤት ያድራሉ። ሦስተኛው ቀን የመመለሻ ነው። ወፍራም ልብስ፣ ስንቅና፣ ሽማግሌው አደራ ያሉት አንድ ጥቅል ጠንካራ ገመድ በዝርዝሩ ውስጥ ገቡ።

መምህሩ ለጓደኛው እንዲህ ሲል መለሰ። «ዝዋይን በሌላ ጊዜ እናየዋለን፤ እርሱ የሚጽፍለት አላጣም። አሁን ወደ ሐረና እንሂድ። ዛፉን፣ ቀፎውንና የሚወጣውን ሰው ሣልልኝ፤ ሥዕሉን በክፍሌ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። የሽማግሌው የልጅ ልጅ የእኔ ተማሪ መሆኑን የሰማሁት ዛሬ ነው።»