በስኳር የተሸፈነ ቃጠሎ

ሰው ጥፋቱን ለመሸፈን የሚደክመው ድካም፣ ጥፋቱን ለመናገር ከሚያስፈልገው ድፍረት ይበልጣል። ይህንንም የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአንድ ሰሐን ብስኩት ነው።

እናቴ በተማሪ ቤት ሳለች በባልትና ትምህርት የቀሰመችውን የብስኩት አሠራር እስከ እርጅናዋ ድረስ አልተወችውም። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ አንድ ኩባያ ለጋ ቅቤ ከአንድ ኩባያ ስኳር ጋር እስኪነጣ ድረስ ይመታል። ቅቤው ቅመም ያልነካው ይሁን፤ ለወጥ የተነጠረ ቅቤ የገባበት እንደ ሆነ ብስኩቱ ወጥ ወጥ ይሸታል። ከዚያም አንድ እንቁላል፣ ጥቂት የተፋቀ የሎሚ ልጣጭና ሦስት ኩባያ የተነፋ የፉርኖ ዱቄት ይገባበታል። ሊጡም ጥቂት ካረፈ በኋላ ተዳምጦ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ሆኖ ይቆረጣል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ስላልነበረን እናቴ እንደ ድፎ ዳቦ ከታችም ከላይም ፍም አድርጋ ትጋግረው ነበር።

የብስኩቱ ጌጥ ግን ነጩ የስኳር ልባስ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯልና ስኳሩ የአገራችን ነበር፤ ነገር ግን እንደ ዱቄት የላመው ስኳር በሰፈራችን ሱቅ ስለማይገኝ፣ እኛው በሙቀጫ ወቅጠን በስስ ሻሽ እንነፋው ነበር። ይኸው ስኳር ከአንድ እንቁላል ነጭና ከጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጋር ሲመታ እንደ ወተት የነጣ ልባስ ይሆናል። እናቴም አንድ የማይሻር ሕግ ነበራት፤ ብስኩቱ ፈጽሞ ሳይበርድ ልባሱ አይቀባም፤ ሙቀት ያቀልጠዋልና።

ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ በገና ዋዜማ እናቴ ታማ ተኛች። ብስኩቱን እንድጋግር አዘዘችኝ፤ የመጀመሪያውም ሰሐን እንደ ልማዳችን ብቻቸውን ለሚኖሩት ለአሮጊቷ ጎረቤታችን እንዲሆን አሳሰበችኝ። እኛ ልጆች እማማ እንላቸው ነበር።

ፍሙን ጭኜ ሳለሁ ጓደኞቼ ከደጅ ጠሩኝ። ለጥቂት ብዬ ወጣሁ፤ ስመለስ የብስኩቱ ሆድ ጠቁሮ አገኘሁት። የቀረ ቅቤ አልነበረም። ጾሙም ኅዳር 15 ቀን ገብቶ ገና ስላልተፈታ፣ ቅቤና እንቁላል ያለበትን ነገር ቀምሶ የሚፈርድ ሰው በቤት የለም፤ ዳኞቹ ዓይኔና ኅሊናዬ ብቻ ነበሩ። እኔም ሁለቱንም አታለልኋቸው። የጠቆረውን ፊት ወደ ላይ ገልብጬ፣ እስኪበርድ ድረስ በጥንቃቄ ጠብቄ፣ ልባሱን አወፍሬ ቀባሁት። ለመጋገሩ ያላገኘሁት ትዕግሥት ለመሸፈኑ ተገኘልኝ። እናቴም ከአልጋዋ ሆና አይታ «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ።

በማግሥቱ ሰሐኑን ይዤ ሄድሁ። እማማ መርቀው ተቀበሉኝ። ጥርስ ስላልነበራቸውም ብስኩቱን በትኩስ ሻይ ነከሩት። ወዲያው ነጩ ስኳር ሟሟና ጥቁሩ ፊት ብቅ አለ። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ።

እማማ ግን አልተቆጡም። ደኅናውን በልተው ያረረውን ከሰሐኑ ዳር አኖሩና «ልጄ፣ ጥርስ ባይኖረኝ ዓይን አለኝ። አርሮብኛል ብትዪኝ ኖሮ ፍቀን አብረን እንበላው ነበር» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ቅጣቱ የመጣው በፋሲካ ነው። ያን ጊዜ እንከን የሌለበት ብስኩት ጋግሬ ወሰድሁላቸው። እማማ አመስግነው አንዱን አነሡ፤ ከመብላታቸው በፊት ግን በጥፍራቸው ልባሱን ፋቅ አድርገው አዩት። ስድብ ቢሆን እረሳው ነበር፤ ያችን የጥፍር ፋቅታ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ደኅናው ብስኩቴ የመጥፎውን ዕዳ ይከፍል ነበርና።

በሚቀጥለው ገና ከዳር ያሉት ጥቂቶቹ እንደገና አረሩብኝ። በዚህ ጊዜ ሳልቀባቸው ለብቻቸው አስቀምጬ ወሰድሁና፣ ልቤ እየመታ «እማማ፣ እነዚህ አርረውብኛል» አልሁ። እሳቸውም ሳቁ። ከነጮቹ አንዱን አንሥተው፣ ምንም ሳይፍቁ፣ ሻይ ውስጥ ነከሩት። እንከን የሌለው ሥራ ያልመለሰልኝን እምነት፣ የተነገረ ጥፋት መለሰልኝ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምተሃል፤ ሰምተሻል። አንዳንዴ ግን ማደር እንኳ አያስፈልገውም፤ አንድ ስኒ ትኩስ ሻይ ይበቃዋል። በፈተና ወረቀት፣ በሥራ ሒሳብ፣ በወዳጅነትም ቢሆን ልባስ የሚቀባ እጅ ብዙ ነው። የሚያስፈራው ጥፋቱ መታወቁ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ደኅናው ሥራችን ሁሉ በጥፍር እየተፋቀ መታየቱ ነው።

ዛሬ ለልጅ ልጆቼ የምጋግረው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ በ180 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል። ጥሬ እንቁላል ሕመም ሊያመጣ እንደሚችል ስለ ተረዳሁም ልባሱን በውሃና በሎሚ ጭማቂ ብቻ እበጠብጠዋለሁ። ያረረ ሲኖር ግን ሳልቀባ በሌላ ሰሐን አቀርበዋለሁ። ልጆቹም ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ፣ «አያታችሁ ያሳረረችው ነው» እላቸዋለሁ።