እፍረት የሸሸገው ደም

አብዛኛው ሰው በአፉ ሊጠራው የሚያፍርበትን ጉዳይ በአላህ ስም ጀምረን ዛሬ እናንሳ።

በአካባቢያችን እንደታዘብነው፣ ከሰገራው ጋር ደም ያየ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ዑስታዝ ነው። «ውዱዬ ይፈርሳል? ሶላቴስ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ያገኛል። ደሙ ከየት መጣ የሚለው ግን ሳይጠየቅ ወራት ያልፋሉ። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አባት «ኪንታሮት ነው» እያሉ ዓመት ሙሉ ደበቁት። ልጆቻቸው ያወቁት ከሱጁድ ለመነሳት አቅም ሲያጡ ነበር። የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘባቸው፤ ሕክምናው ግን ዘግይቶ ነበር። አላህ ይዘንላቸው።

እርግጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ቀላል ነው። ኪንታሮት ወይም በድርቀት ምክንያት የሚመጣ የፊንጢጣ መሰንጠቅ ሲሆን ደሙ ደማቅ ቀይ ነው፤ ሰገራውን ከላይ ይቀባል ወይም በመጨረሻ ይንጠባጠባል። ደምና ንፍጥ ከቁርጠትና ከትኩሳት ጋር ከመጡ የአሜባ ወይም የባክቴሪያ ተቅማጥ ሊሆን ይችላል። እንደ ሬንጅ የጠቆረና ክፉኛ የሚሸት ሰገራ ከጨጓራ አካባቢ የሚፈስ ደም ምልክት ነው። የብረት እንክብል ሰገራን ያጠቁራል፤ ቀይ ሥርም ያቀላል።

ችግሩ ካንሰርም ኪንታሮትን መምሰሉ ነው፤ ሕመም አለመኖሩም ማረጋገጫ አይሆንም። ወጣትነትም ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ ባለሙያዎች ጤነኛ ሰው የአንጀት ካንሰር ምርመራ የሚጀምርበትን ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ዝቅ ያደረጉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስለዚህ ደም ያየ ሁሉ ሐኪም ያማክር። የሰገራው ልማድ ከ3 ሳምንት በላይ የተለወጠበት፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ የገረጣና የሚደክመው ወይም በቤተሰቡ የአንጀት ካንሰር የነበረበት ሰው ቀጠሮ አያራዝም። ደሙ ብዙ ከሆነ ወይም አልቆም ካለ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ራስ ማዞር ወይም ብርቱ የሆድ ሕመም ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። «ኪንታሮት እነቅላለሁ» ለሚሉ ሰዎች ገላችንን አንስጥ።

ለኢስቲንጃእ ውኃ ከማፍሰሳችን በፊትም ልብ ብለን እንመልከት፤ ውኃው ምልክቱን አጥቦ ሊወስደው ይችላልና።

ሐያእ ከኢማን ነው። ሆኖም ዐሊይ (ረ.ዐ.) ስለ መዝይ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ለመጠየቅ ባፈሩ ጊዜ ሚቅዳድን (ረ.ዐ.) አስጠየቁ እንጂ ጥያቄውን አልተዉትም። ያፈረ አባት ለልጁ፣ ያፈረች እናት ለሴት ልጇ ትንገር፤ ሴት ሐኪም ካለችም ትጠየቅ። ልጆችም የወላጆቻችንን ዝምታ እንደ ጤንነት አንቁጠረው።

አላህ ዓፊያውን ያድለን። ወላሁ አዕለም።