ከግርዶሹ በፊት

ልጄ የተወለደችው ኅዳር 2013 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ነው። ቀኝ እግሯ ከግራው አጭር ነበር። ቅልጥሟ ወደ ፊት ጎብጧል፤ በጎበጠበት ቦታ ላይ ቆዳዋ ስርጉድ ብሎ ይታያል። ከቁርጭምጭሚቷ በታች ያለው እግሯ ወደ ውጭ ዞሯል፤ ጣቶቹም ሁለት ብቻ ናቸው። አዋላጇ «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ብላ አሳየችኝና መልሳ በጨርቅ ሸፈነችው። ይህን የምጽፈው ከዚያ ቀን ወዲህ ያለፍንበትን፣ እንዲህ ያለ ልጅ ለወለዱ ሁሉ ለመመስከር ነው። የልጄን ስም አልጠቅስም። ስታድግ ከፈለገች ራሷ ትናገረው።

አራስ ሊጠይቅ ከመጣው ሰው «እግሯ ምን ሆኖ ነው?» ያለ አልነበረም። የሁሉም ጥያቄ «ምን አግኝቶሽ ነው?» ነበር። መልሱንም ይዘውት ነው የመጡት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ጋርዳ ዙሪያዋ ብቻ ቀለበት ሠርቶ ሲያበራ፣ እኛም ደሴ ላይ ቀኑ ሲደበዝዝ አይተናል። ያኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ደጃፍ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፣ ጎረቤትም አይቶኛል። እናም ልጄ ስትወለድ ነገሩ ያለቀለት ሆነ። እርጉዝ ሆና ግርዶሽ ላይ ወጣች፣ ከፀሐይዋ የጎደለው ከልጇ ጎደለ ተባለ። የባለቤቴ እናት ሩኅሩኅ ሴት ናቸው፤ አራስነቴን ያሳለፍኩት በእሳቸው እጅ ነው። እሳቸውም ቢሆኑ ገንፎውን እያጎረሱኝ «ያን ቀን ግቢ ብዬሽ ነበር እኮ፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር። ከመንደሩ ሐሜት ይልቅ የእሳቸው ሐዘን አንጀቴን በላው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ምክንያቱ ታወቀ ከተባለ በኋላ እግሩን ልብ ብሎ የሚያየው ሰው ጠፋ። ዱዓ ተደረገላት። ወጌሻ በቅቤ አሻት። አንድ ጤና ተቋም ወሰድናት፤ «ቆልማማ እግር ነው፣ በጄሶ ይስተካከላል» ተብሎ በየሳምንቱ ጄሶ ይታሰርላት ጀመር። ቆልማማ እግር ወደ ውስጥ ነው የሚዞረው፤ የልጄ ወደ ውጭ ነበር የዞረው። ጣቶቿንም የቆጠረ፣ ራጅ ይነሳ ያለም አልነበረም። ጄሶው ሲፈታ ተረከዟ ቀልቶ፣ ቅልጥሟ ላይ ያለው ስርጉድ ቦታ ተልጦ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ አልተመለስኩም።

ብድር ተበድረን አዲስ አበባ የሄድነው በ2013 ክረምት ነው። የአጥንት ሐኪሙ የሁለቱንም እግሯን ራጅ መብራቱ ላይ ሰቅሎ አጠገቡ አቆመን። በግራዋ በኩል ከጉልበት በታች ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። በቀኟ በኩል ወፍራሙ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ጎብጧል። ከጎኑ ቀጭኑ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ጥቁር ነው። ሐኪሙ ጥቁሩን ቦታ በእስክሪብቶው ጫፍ ከላይ እስከ ታች ሄደበት። የጠፋው ፊቡላ የሚባለው ነው አለን። ፊቡላ ብዙ ክብደት አይሸከምም፤ ቁርጭምጭሚትን በውጭ በኩል ደግፎ የሚይዘው ግን የእሱ የታችኛው ጫፍ ነው። እሱ ከሌለ እግር ወደ ውጭ ይሸሻል። ፊቡላር ሄሚሜሊያ ይሉታል። ከረጃጅም አጥንቶች ከውልደት ጀምሮ ከሚጎድሉት ሁሉ በብዛት የሚታየው ይህ ነው፤ ያም ሆኖ ከ40,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ነው የሚደርሰው። ወፍራሙ አጥንት፣ ቲቢያው፣ የሚጎድልበት ደግሞ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው፤ ከሚሊዮን አንድ ገደማ።

ባለቤቴ የግርዶሹን ነገር ያነሳው ያኔ ነው። ሐኪሙ አልሳቀበትም። መቼ ነበር? አለ። በስንተኛ ወርሽ? ነገርኩት። የእጅና የእግር ቅርጽ በማኅፀን ውስጥ የሚሠራው ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በእኔ ቀን ሲቆጠር የልጄ እግር ቅርጹን የያዘው ሚያዝያ ላይ ነው። ሰኔ 14 ፀሐይ ስትጨልም እግሯ ተሠርቶ ካለቀ ሰንብቷል። ብዙውን ጊዜ በዘር የሚወረስ እንዳልሆነ፣ እናት አድርጋው ወይም ትታው የሚመጣ ነገር እንዳልሆነም ነገረን። ባለቤቴ ስልኩን አወጣና እናቱ ጋ ደውሎ ለሐኪሙ ሰጠው። ያ ሰው በር ላይ ስንት በሽተኛ ቆሞ ሲጠብቀው «እማማ» ብሎ ጀምሮ ያንኑ ሁሉ ለእሳቸው ደገመላቸው። ድምፁ ክፍት ስለነበር ሁላችንም እንሰማለን። ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ ምን ይደረግላት?» አሉ። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ስለ እግሯ የተጠየቀ የመጀመሪያው ትክክለኛ ጥያቄ ይህ ነበር። እኔ እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ።

ሐኪሙ ልጅቷ መቆም ስትጀምር፣ ዓመት ሲሞላት አካባቢ ተመለሱ ብሎን ነበር። ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ጥቅምት 2014 ላይ፣ የሰሜኑ የኢትዮጵያ ጦርነት ደሴ ገባ። እሷን አዝዬ፣ ባለቤቴ እናቱን ደግፎ፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ደረስን። አንደኛ ዓመቷን የደፈነችው ለተፈናቃይ በተሰጠ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ነው። ከተማው ከተለቀቀ በኋላ ስንመለስ የልብስ ስፌት መኪናዬ አልነበረችም። የሚቀጥሉትን ሁለት ዓመታት የያዘው እሱ ነው፤ በሰው መኪና እየሰፋሁ መኪና መግዛት፣ ከዚያ ለአዲስ አበባ ማጠራቀም።

እሷ ግን አልጠበቀችንም፤ ቆመች። በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች ግድግዳ ይዛ ሄደች። አንድ ጫማ ሰፊ ጎረቤታችን ከመኪና ጎማ ላይ እየቆረጠ፣ ደራርቦ በማስቲሽ እያጣበቀ፣ በሚስማር እየመታ ለቀኝ ጫማዋ ከፍታ ሠራላት። ከብዷት ነበር፤ ቁርጭምጭሚቷም ወደ ውጭ ስለሚወድቅ ጫማው በአንድ ጎን ያልቃል። ሰውየው ባለቀ ቁጥር ያድሰዋል፤ ገንዘብ ብሰጠው አይቀበለኝም።

በየዒዱ ልብስ ስሰፋላት ሁለቱንም እግሯን በሜትር እለካለሁ። ልዩነቱ ከዒድ ዒድ ይሰፋ ነበር። አጭሩ እግር ማደጉን ያቆመ መስሎኝ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ስንመለስ ሐኪሙ አስረዳኝ፤ አጭሩም ያድጋል፣ የሚያድገው ግን በራሱ ልክ ነው። አንዱ ከሌላው የሚያንስበት ምጣኔ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይቆያል፤ ሴንቲሜትሩ ነው የሚጨምረው። ሴት ልጅ ሦስት ዓመት ሲሞላት የእግሯ ርዝመት ካደገች በኋላ የሚኖራት ግማሽ ገደማ ነው፤ ለወንድ ልጅ አራት ዓመት። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ልዩነቱ 6 ሴንቲ ሜትር። ትልቅ ሰው ስትሆን 12 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ወላጅ ሁሉ ይህን ስሌት ገና በጠዋቱ ሊነገረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሁለት መንገድ አለ አለን። አንዱ ማስረዘም ነው። ኢሊዛሮቭ የሚባል የሶቪየት ሐኪም ሳይቤሪያ ውስጥ ኩርጋን በምትባል ከተማ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። አጥንቱ ይቆረጣል፤ እግሩ ዙሪያ የብረት ቀለበቶች በሽቦ ከአጥንቱ ጋር ይያያዛሉ፤ ከዚያ ብሎኑ በቀን አራት ጊዜ ሩብ ሩብ ሚሊ ሜትር እየዞረ ቁራጮቹን ያራርቃል። በቀን አንድ ሚሊ ሜትር። በመካከሉ አዲስ አጥንት ይሞላል። ለአንድ ሴንቲ ሜትር ብረቱን አንድ ወር፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ መሸከም ነው፤ 12ቱም በአንድ ጊዜ አይሆንም፣ በልጅነቷ ዘመን እየተመላለሱ መደጋገም ይጠይቃል። ሁለተኛው መንገድ እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ ላይ ቆርጦ ሰው ሠራሽ እግር መግጠም ነው።

ባለቤቴ ተነሥቶ ወጣ። መተላለፊያው ላይ ስደርስበት «አላህ የሰጣትን እግር በገዛ እጄ ፈርሜ ላስቆርጥ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ተመልሼ ሐኪሙን «ከተረዘመ በኋላስ በእግሯ ትቆምበታለች?» አልኩት። የልቤን ጥያቄ ነበር የጠየቅኩት፣ እሱም አልሸነገለኝም። አምስት ወይም አራት፣ ሦስትም ጣት ያለው፣ መሬት ላይ የሚቀመጥ እግር ቢሆን ማስረዘሙን ይመክረን ነበር። የልጄ ግን ሁለት ጣት ነው፤ ቁርጭምጭሚቱም አይያዝም። ዓመታት ሙሉ ብረት ተሸክማ ርዝመቱ ቢስተካከል ጫፉ ላይ የሚኖረው ያው የማያስቆማት እግር ነው። ሌላ ልጅ ላይ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። በእሷ ላይ ግን ይህ ነበር።

ደሴ ስንመለስ ባለቤቴ ሼሁ ጋ ሄደ። ሼሁ ስለ ኃጢአት አልጀመሩም፤ «ሐኪሙ ምን አለ?» ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ «ልጅቷ እንድትራመድ ከሆነ ፈርም» አሉት። የተቆረጠው አካል ግን እንዳይጣል፣ እንዲቀበር ነገሩት። ባለቤቴም ፈረመ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሆስፒታሉን ስንጠይቅ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠን፤ ባለቤቴና ወንድሙ ወስደው ቀበሩት። ሲመለስ እጁ ላይ አፈር ነበረ። ከእኔ ጋር ሳይነጋገር ልጅቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አደረ።

ቀዶ ሕክምናው ጄምስ ሳይም የሚባል የኤዲንብራ ሐኪም በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ማደንዘዣ ገና ባልነበረበት ዘመን፣ የጀመረው ነው። ጥበቡ የተረከዙን ወፍራም ሥጋና ቆዳ ማስቀረቱ ነው። ያ ሥጋ ወደ ቅልጥሙ ጫፍ ይመጣና እንደ ድሮው ክብደት ይሸከማል። አጥንቱ ከመሃሉ ሳይሆን ከመገጣጠሚያው ስለሚለያይም ልጅ ላይ የሚፈራው የተቆረጠ አጥንት ሾሎ እያደገ ቆዳን መብሳት አይደርስም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ልጄ ሌሊት ለሽንት ስትነሣ ያለ ምንም ነገር በጫፉ ረግጣ ትሄዳለች።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ግን ከባድ ነበሩ። «እግሬ የት ሄደ?» አለችኝ። «አባባ ቀበረው» አልኳት። «ያማታል?» አለችኝ፤ እግሯን ነው። «አያማትም» አልኳት። ልጅ እውነት ከተነገረው ይችላል።

ሰው ሠራሽ እግሩ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ባለሙያው እርጥብ የጄሶ ፋሻ በእግሯ ዙሪያ ጠቀለለ፤ ሲደርቅ አወለቀና ውስጡን በጄሶ ሞልቶ የእግሯን ቅርጽ አወጣ። ቅርጹን አጥንቱ በሚነካበት በኩል ጨመረበት፣ ሥጋው በሚችልበት በኩል ፋቀለት። ቀጥሎ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ፕላስቲክ ምድጃ ውስጥ አለስልሶ አለበሰው። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ገባኝ፤ ልክ መውሰድ፣ የት ላይ ማጥበቅ፣ የት ላይ መልቀቅ፣ ያው የእኔው ሥራ ነው። ስታድግ ይጠብባታል፤ በየዓመቱ ገደማ አዲስ ይሠራላታል።

እዚያው አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስለ ኤሚ መሊንስ ነገረችኝ። አሜሪካዊት ናት። ሁለቱም ፊቡላዎቿ ሳይኖሩ ተወልዳ ዓመት ሲሞላት ሁለቱም እግሯ ከጉልበት በታች ተቆርጧል። በ1996 እ.ኤ.አ. አትላንታ ፓራሊምፒክ ላይ ሮጣለች። እኔን የያዘኝ ሩጫው አልነበረም። በ1998 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ማክዊን የሚባለው ልብስ ሠሪ ለንደን ላይ ባሳየው ትርኢት ከእንጨት በተቀረጹ፣ አበባ በተፈለፈለባቸው እግሮች ወጥታ ሄደች፤ ብዙ ተመልካች ቦት ጫማ መስሎት ነበር። ፎቶውን ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ። ልጄ አይታው የሷም እግር ላይ አበባ እንዲኖር ስለጠየቀች የጥልፍ ክር አበባ ያለው መሸፈኛ ሰፍቼላታለሁ፤ ሲቆሽሽ ይታጠባል።

አሁን አምስት ዓመቷ ነው፤ ኬጂ ትማራለች። ትሮጣለች፣ ትወድቃለች፣ ሌላውንም ትጥላለች። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ የቀኝ ጉልበቷ ወደ ውስጥ መግባት እንደጀመረ አሳየን። ፊቡላ የጎደላቸው ልጆች ላይ የሚታወቅ ነገር ነው። ከጉልበቷ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል፣ አጥንቱ በሚያድግበት ቦታ ላይ ትንሽ ብረት በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ ያ ጎን ተይዞ የውጩ ሲያድግ ጉልበቱ ቀስ እያለ ይቃናል፤ ሲቃና ብረቱ ይወጣል። ቀጠሮው ከረመዳን በኋላ ነው። የባለቤቴ እናት ዘንድሮ አብሬ እሄዳለሁ ብለዋል። ሐኪሙን የሚጠይቁትን ከአሁኑ ለይተዋል፤ ብረቱ ስንት ጊዜ ይቆያል፣ ያማታል ወይ፣ ስትሰግድ ጉልበቷን ማጠፍ ትችላለች ወይ።